«ይሄ ፓምፕ ስንት ባር ነው?» የመውጫ ግፊት እንዴት እንደሚሰላ

ፓምፕ የሚገዛውም፣ የሚጠግነውም፣ ቁልፉን የሚጫነውም አንድ ጥያቄ አያጣም፦ «ይሄ ፓምፕ ስንት ባር ነው?» ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ፓምፑን ብቻ አይቶ ግን የሚመልሰው ሰው የለም። አንድ ፓምፕ በዚያው ሞተር፣ በዚያው ፍጥነት እየዞረ አንድ ቦታ 3 ባር፣ ሌላ ቦታ 13 ባር ሊያሳይ ይችላል። አካሉ ያንን ግፊት እስከቻለ ድረስ ሁለቱም ቦታ ላይ ጤነኛ ነው።

ልዩነቱን የሚያመጣው ከፓምፑ በፊትና በኋላ ያለው ነገር ነው። ስለዚህ ስሌቱም ከፓምፑ ሳይሆን ከቧንቧው ይጀምራል።

የመውጫ ግፊት ስንል ምን ማለታችን ነው?

ፈሳሹ ፓምፑን ለቆ ሲወጣ፣ መውጫው ፍላንጅ (ፓምፑና ቧንቧው በብሎን የሚጋጠሙበት ከንፈር) ላይ የሚለካው ግፊት ነው። ቧንቧው መጨረሻ ላይ ያለው ግፊት አይደለም፤ እዚያ እስኪደርስ ብዙው በመንገድ ያልቃል። የመግቢያ ግፊት የምንለው ደግሞ በሌላው ወገን፣ ፈሳሹ ወደ ፓምፑ በሚገባበት ፍላንጅ ላይ ያለውን ነው።

መለኪያው ብዙ ጊዜ ባር ነው። 1 ባር 100,000 ፓስካል ወይም 14.5 ፒኤስአይ ገደማ ይሆናል። በውሃ ቁመት ሲታሰብ፣ 1 ባር ማለት 10.2 ሜትር ከፍታ ያለው የውሃ ዓምድ ከሥሩ የሚፈጥረው ግፊት ነው። ይህች 10.2 እስከ መጨረሻው አብራን ስለምትዘልቅ ያዟት።

አንድ ነገር ቀድሞ ይጥራ። ተራ የግፊት መለኪያ (ጌጅ) ዜሮ ሲያሳይ ግፊት የለም ማለት አይደለም፤ በዙሪያው ካለው አየር እኩል ነው ማለት ነው። አየሩ ራሱ በባሕር ጠለል 1.013 ባር ይጫናል፤ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ደግሞ 0.8 ባር ገደማ። ከጌጅ የተነበበውን ቁጥር ከዜሮ አየር ተነስቶ ከሚቆጠረው ፍጹም ግፊት ጋር የደባለቀ ሰው በአንድ ጊዜ 1 ባር፣ ማለትም 10 ሜትር ያህል ይስታል። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ሁሉ ጌጅ የሚያሳያቸው ናቸው።

ፓምፕ ግፊት ይሠራል ወይስ ይገፋል?

ይገፋል። ፓምፕ ለፈሳሹ ጉልበት ይሰጠዋል፤ ጉልበቱ ግፊት ሆኖ የሚታየው ግን ፈሳሹን የሚይዘው ነገር ሲኖር ነው። የሚይዘው ነገር ሦስት ዓይነት ነው፦ ሊወጣው ያለበት ከፍታ፣ የሚገባበት ዕቃ ውስጥ የሚጠብቀው ግፊት፣ በቧንቧው ውስጥ ያለው ሰበቃ።

ሌላው የሚዘነጋው ነገር ፓምፕ ከዜሮ አለመጀመሩ ነው። ፈሳሹ ሲገባ ይዞት የመጣው ግፊት ካለ፣ ፓምፑ የሚጨምረው በዚያ ላይ ነው። 3 ባር የሚጨምር ፓምፕ ከክፍት ታንከር ሲስብ መውጫው ላይ 3 ባር አካባቢ ያሳያል። መግቢያው ላይ 10 ባር ካገኘ 13 ያሳያል። ከላይ የጠቀስኩት ልዩነት የመጣው ከዚህ ነው። ሙሉ ቀመሩም ከዚህ ብዙም አይርቅም፦

የመውጫ ግፊት = የመግቢያ ግፊት + ፓምፑ የሚጨምረው ግፊት

ፋብሪካው ለምን በሜትር ይናገራል?

የፓምፕ ካታሎግ ሲገለጥ ባር ብዙ ጊዜ አይገኝም። ያለው «ሄድ» የሚባል ቁጥር ነው፤ መለኪያውም ሜትር ነው። ብዙ ሰው ሄድን «ውሃውን ስንት ሜትር ያወጣል» ብቻ አድርጎ ይወስደዋል። ያ የነገሩ ግማሽ ነው።

በብዛት የሚሠራበት ሴንትሪፉጋል ፓምፕ ፈሳሹን በሚዞር ጎማ፣ በኢምፔለር፣ ይወረውረዋል። አንድ የእንጨትና አንድ የብረት ኳስ በእኩል ፍጥነት ወደ ላይ ብትወረውሩ፣ የአየሩን ጫና ከተውነው፣ እኩል ከፍታ ይደርሳሉ። ጣራ ቢመቱ ግን የሚያሳርፉት ምት አይገናኝም። ከፍታው ሄድ ነው፣ ምቱ ግፊት ነው። ኢምፔለሩ ውሃም ያግኝ ቤንዚን በእኩል ፍጥነት ስለሚወረውር ሄዱ አይለወጥም፤ ግፊቱ ግን በፈሳሹ ክብደት ይለወጣል። አምራቹ ደንበኛው ምን እንደሚያስገባበት ስለማያውቅ፣ የማይለወጠውን ቁጥር ይጽፋል።

ሜትርን ወደ ባር መመለሻው ይህ ነው፦

ግፊት (በባር) = ሄድ (በሜትር) × አንጻራዊ እፍግታ ÷ 10.2

አንጻራዊ እፍግታ ማለት ፈሳሹ በእኩል ይዘት ከውሃ ስንት እጥፍ ይከብዳል ማለት ነው። ውሃ 1 ነው፤ ቤንዚን 0.75 አካባቢ፤ ያልተበረዘ ሰልፈሪክ አሲድ 1.84። የ31 ሜትር ሄድ ያለው ፓምፕ እንግዲህ ውሃ ላይ 3 ባር፣ ቤንዚን ላይ 2.3 ባር፣ አሲድ ላይ 5.6 ባር ይጨምራል። ሞተሩም በዚያው ልክ ይጫናል፤ ለውሃ ተመርጦ 6 ኪሎዋት ይበላ የነበረ ፓምፕ አሲዱን በዚያው ፍሰት ሲገፋ 11 ኪሎዋት ይጠይቃል። ለውሃ የተገጠመ ሞተር ከባድ ፈሳሽ ላይ ሲቃጠል «ፓምፑ ያው ነው፣ ምን ተቀየረ?» የሚባለው ይህ ሳይታሰብ ቀርቶ ነው። (እንደ ማር የሚወፍር ፈሳሽ ከሆነ ሄዱም ራሱ ይወርዳል፤ እሱ ሌላ ማስተካከያ አለው።)

ቧንቧው ስንት ይጠይቃል?

አሁን በቁጥር እንየው። ከክፍት ታንከር ውሃ እየሳብን ሌላ ክፍት ታንከር እንሞላለን እንበል። የሚሳብበት ታንከር የውሃ ልክ ከፓምፑ መሀል 2 ሜትር ይበልጣል። የሚሞላው ከዚያው ከፓምፑ መሀል 25 ሜትር ከፍ ይላል። የመውጫው ቧንቧ የውስጥ ዲያሜትር 100 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 200 ሜትር። የሚፈለገው ፍሰት በሰዓት 50 ሜትር ኩብ ነው።

ከፍታው ያለ ድካም ይገኛል፦ 25 ሜትር። ውሃው ቢፈስም ባይፈስም ይህ ቁጥር አይነቃነቅም። የሚሞላው ዕቃ ክፍት ስለሆነ የሚጠብቀን ግፊት የለም። 6 ባር የታመቀበት ዕቃ ቢሆን ኖሮ በዚህ ላይ 6 ባር፣ ማለትም 61 ሜትር፣ እንደምር ነበር። የእንፋሎት ቦይለር የሚመግብ ፓምፕ የሚያይለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከፍታ ኖሮበት አይደለም።

የቀረው ሰበቃ ነው፤ ሥራ ያለውም እሱ ጋ ነው። መጀመሪያ ፍጥነት እንፈልግ። በሰዓት 50 ሜትር ኩብ ማለት በሰከንድ 0.0139 ሜትር ኩብ ነው። ባለ 100 ሚሊ ሜትሩ ቧንቧ ተቆርጦ ቢታይ የቀዳዳው ስፋት 0.00785 ሜትር ካሬ ነው። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ስናካፍል ውሃው በሰከንድ 1.77 ሜትር ይሮጣል።

ቀጥሎ የሚያስፈልገው ዳርሲና ቫይስባክ የተባሉ ሁለት የ19ኛው ክፍለ ዘመን መሐንዲሶች ስማቸውን የተዉበት ቀመር ነው፦

የሰበቃ ሄድ = የሰበቃ ቁጥር × (ርዝመት ÷ ዲያሜትር) × (ፍጥነት × ፍጥነት ÷ 19.62)

19.62 የመሬት ስበት፣ 9.81፣ በሁለት ተባዝቶ ነው። የሰበቃ ቁጥሩ ቧንቧው ምን ያህል ሻካራ እንደሆነና ፈሳሹ እንዴት እንደሚፈስ የሚነግር ሲሆን ከሠንጠረዥ ይነበባል፤ ለአዲስ የብረት ቧንቧ በዚህ ፍጥነት 0.019 አካባቢ ነው። ርዝመት ለዲያሜትር፣ ማለትም 200 ለ0.1፣ ሲካፈል 2,000 ይሆናል። ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ ለ19.62 ሲካፈል 0.16 ሜትር። ሦስቱ ሲባዙ 6.1 ሜትር ይሰጡናል።

ኤልቦውም (የቧንቧ መታጠፊያው)፣ ጌት ቫልቩም (መዝጊያው)፣ ቼክ ቫልቩም (ውሃው ወደኋላ እንዳይመለስ የሚይዘው) የየራሳቸውን ይወስዳሉ። እያንዳንዱ በሠንጠረዥ የተሰጠው ቁጥር አለ፤ ተደምሮ በዚያችው 0.16 ይባዛል። ድምሩን 8 ብንል 1.3 ሜትር ነው።

25 ሲደመር 6.1 ሲደመር 1.3፣ 32.4 ሜትር። ለ10.2 ስናካፍለው 3.2 ባር። ቧንቧው በሰዓት 50 ሜትር ኩብ ለማሳለፍ መውጫው ፍላንጅ ላይ የሚጠይቀው ግፊት ይህ ነው። እስካሁን የፓምፑን ስም እንኳ አላነሳንም።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ይገባል፤ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነውና። ቧንቧ ሲገዛ «80 ሚሊ ሜትርም ይበቃል» ተብሎ ቢተካ ምን ይሆናል? ዲያሜትሩ የቀነሰው በአንድ አምስተኛ ብቻ ነው። ሰበቃው ግን ዲያሜትሩ አምስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው ቁጥር ልክ ይለወጣል፤ 6.1 ሜትር የነበረው ወደ 18.6 ይዘላል። ኤልቦና ቫልቩ ደግሞ ከ1.3 ወደ 3.2። ጠቅላላው 46.8 ሜትር፣ 4.6 ባር ይሆናል። በቧንቧ ዋጋ የተቆጠበው ፓምፑ ባለበት ዘመን ሁሉ በመብራት ይከፈላል። በእኔ እምነት የፓምፕ ምርጫ ስህተት ከሚባሉት ብዙዎቹ የቧንቧ ምርጫ ስህተቶች ናቸው።

በተቃራኒው፣ ፍሰቱ በግማሽ ቢቀንስ ሰበቃው ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል። 25 ሜትሩ ግን ንቅንቅ አይልም።

ታዲያ ፓምፑ ከየት ይገባል?

ከመግቢያው በኩል። በዚያ ያለው ውሃ በ2 ሜትር ከፍታ ይጫናል፤ የመግቢያው ቧንቧ ግማሽ ሜትር ይበላዋል እንበል። ፓምፑ የሚያገኘው 1.5 ሜትር፣ ወይም 0.15 ባር ነው። ስለዚህ ራሱ መጨመር ያለበት 32.4 ሲቀነስ 1.5፣ ወደ 31 ሜትር ነው፤ 3.03 ባር መሆኑ ነው። 0.15 ሲደመር 3.03 መልሶ 3.18 ይሰጠናል። ሁለቱ መንገዶች ከተገናኙ ስሌቱ ትክክል ነው።

መግቢያው ላይ ሌላ ጣጣም አለ። እዚያ ያለው ግፊት በጣም ከወረደ ፈሳሹ ሳይሞቅ ይፈላል፤ አረፋው ኢምፔለሩ ውስጥ ሲፈነዳ ብረቱን ይቦረቡራል። ካቪቴሽን የሚሉት ይህ ነው፤ ለብቻው የሚሰላ ስለሆነ እዚህ አንገባበትም።

ካታሎጉ ላይ ያለው ከርቭ (ፍሰትንና ሄድን የሚያገናኘው መስመር) የሚነግረን በየፍሰቱ ፓምፑ ስንት ሜትር እንደሚጨምር ነው። ፍሰት ሲበዛ ሄድ ይወርዳል። የቧንቧው ደግሞ በግልባጩ ነው፤ ፍሰት ሲበዛ የሚጠይቀው ይጨምራል። ሁለቱ የሚገናኙበት አንድ ነጥብ አለ፣ ፓምፑ የሚሠራውም እዚያ ላይ ነው። በ50 ሜትር ኩብ 31 ሜትር የሚሰጥ ፓምፕ ካገኘን ልክ ገጠመ። 34 የሚሰጥ ከሆነ «ትርፍ ግፊት» አይቀመጥም፤ ፍሰቱ ከ50 አልፎ ይሄዳል፤ ቧንቧው የሚጠይቀውና ፓምፑ የሚሰጠው እስኪተካከሉ ድረስ።

ቫልቩ ቢዘጋስ?

መልሱ በፓምፑ ዓይነት ይለያያል፤ ልዩነቱም የደህንነት ጉዳይ ነው።

ሴንትሪፉጋል ከሆነ ግፊቱ አንድ ጣሪያ ላይ ደርሶ ይቆማል፤ ኢምፔለሩ ውሃውን እዚያው ያማስለዋል። ጣሪያውን ከርቩ ላይ ፍሰት ዜሮ ከሆነበት ቦታ ማንበብ ይቻላል። ከርቩ ከጠፋም በግምት ይገኛል። የ170 ሚሊ ሜትር ኢምፔለር በደቂቃ 2,900 ጊዜ ሲዞር ጫፉ በሰከንድ 25.8 ሜትር ይሮጣል። ይህ በራሱ ተባዝቶ ለ19.62 ሲካፈል 34 ሜትር ነው፤ እውነተኛው ቁጥር ብዙ ጊዜ ከዚህ ትንሽ ከፍ ይላል። የእኛን ፓምፕ ከርቩ 37 ይላል እንበል።

ቧንቧው፣ ፍላንጁና ጓርኒሲዮኑ መመረጥ ያለባቸው ለዚህ ጣሪያ ነው፤ ለ3.2 ባሩ አይደለም። ስሌቱም በክፉው ቀን ይታሰባል። የሚሳብበት ታንከር ጢም ብሎ 4 ሜትር ቢደርስ መግቢያው 0.4 ባር፣ ፓምፑ 37 ለ10.2 ሲካፈል 3.6 ባር፣ ድምሩ 4 ባር። ቫልቩ እንደተዘጋ ፓምፑ ለረዥም ጊዜ ቢዞር ግን ግፊቱ ባያፈነዳውም፣ ውስጡ የቀረው ውሃ እየጋለ መካኒካል ሲሉን (በዘንጉ በኩል ውሃ እንዳያፈስ የሚይዘውን) ያበላሸዋል።

የፒስተን፣ የጊርና የመሳሰሉት ፓምፖች ሌላ ናቸው። እነሱ በእያንዳንዱ ዙር የተወሰነ ይዘት ፈሳሽ እየቆረጡ ይገፋሉ። መውጫው ቢዘጋም መግፋታቸውን ስለማይተዉ ግፊቱ የሆነ ነገር እጅ እስኪሰጥ ይወጣል፦ ወይ ሞተሩ ይቆማል፣ ወይ አንድ ነገር ይፈነዳል። ስለዚህ በፓምፑና በመጀመሪያው ቫልቭ መካከል ግፊቱን የሚያስተነፍስ ሪሊፍ ቫልቭ የግድ ነው። ለእነዚህ ፓምፖች «የመውጫ ግፊቱ ስንት ነው?» ሲባል መልሱ ሙሉ በሙሉ የቧንቧው ነው፤ ጣሪያውን የሚያበጀው ሪሊፍ ቫልቩ ነው።

ፍጥነት ብንቀንስ ግፊቱ ምን ያህል ይወርዳል?

ከሚጠበቀው በላይ። የሴንትሪፉጋል ፓምፕ ሄድ ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይወርድም፤ በፍጥነቱ ካሬ ነው። ወደ 75 በመቶ ቢወርድ ሄዱ ወደ 56 በመቶ ይወርዳል። የእኛ ፓምፕ ጣሪያው ከ37 ወደ 20.8 ሜትር ወረደ ማለት ነው። በሁለቱ ታንከሮች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ደግሞ 23 ሜትር ነው። ፓምፑ ይዞራል፣ ድምፁ ይሰማል፣ ሞተሩም መብራት ይበላል፤ ወደ ላይኛው ታንከር ግን ጠብታ አይሄድም። ፍጥነት መቆጣጠሪያ ተገጥሞ «መብራት ለመቆጠብ» ሲቀነስ ይህን ሒሳብ አስቀድሞ መሥራት ያስፈልጋል።

ጌጁና ስሌቱ ካልተስማሙ?

መጀመሪያ ጌጁ የት እንዳለ እዩ። ከፓምፑ መሀል 2 ሜትር ከፍ ብሎ ለንባብ እንዲመች የተሰቀለ ጌጅ ውሃ ላይ 0.2 ባር አሳንሶ ያሳያል። ከመውጫው ቫልቭ በኋላ የተተከለ ከሆነ የሚያሳየው የፓምፑን ሳይሆን ከቫልቩ የተረፈውን ነው። ቫልቩ ገርበብ ሲል ከፊቱ ያለው ጌጅ ይወጣል፣ ከኋላው ያለው ይወርዳል። የመጀመሪያውን ብቻ አይቶ «ፓምፑ በረታ» የሚል ሰው ፍሰቱ መቀነሱን አላየም።

ቀጥሎ መግቢያውን እዩ። ፓምፑ ከበታቹ ካለ ጉድጓድ ሲስብ የመግቢያው ጌጅ ከዜሮ በታች ይወርዳል። መግቢያው ሲቀነስ 0.3፣ መውጫው 4 ባር ካሳየ ፓምፑ የጨመረው 3.7 አይደለም፣ 4.3 ነው፤ ከዜሮ በታች ያለውንም ያወጣው እሱ ነውና። በሜትር 37.7 እና 43.9 ነው ልዩነቱ። በዚህ መደመርና መቀነስ ብቻ ጤነኛ ፓምፕ «ደክሟል» ተብሎ ሊፈታ ይችላል።

ይህ ሁሉ ታይቶ ግፊቱ አሁንም ካነሰ ፍሰቱን ለኩ። ግፊት አንሶ ፍሰት ከበዛ ፓምፑ ምንም አልሆነም፤ ከፊቱ የሚይዘው ጠፍቷል፣ የሆነ ቦታ ቧንቧ ተበጥሷል ወይም ያልታሰበ ቫልቭ ተከፍቷል። ሁለቱም አንሰው ከተገኙ ግን ነገሩ ከፓምፑ ወይም ከመግቢያው ነው፦ አየር ገብቷል፣ ማጣሪያው ተደፍኗል፣ ኢምፔለሩ አልቋል። ከመፍታታችሁ በፊት ግን ዘንጉ ወደየት እንደሚዞር ተመልከቱ። ሦስት ፌዝ ሞተር ላይ ሁለት ሽቦ ከተቀያየረ ሴንትሪፉጋል ፓምፕ ወደኋላ ይዞራል፤ ውሃ መስጠቱን ግን አያቆምም፣ ከወትሮው አሳንሶ በመውጫው በኩል ይገፋል። ግፊቱ የወረደው ሞተሩ ተነቅሎ ከተመለሰ ወይም የኤሌክትሪክ መስመሩ ከተነካካ በኋላ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው፤ ሁለቱን ሽቦዎች መልሶ ማቀያየር ይበቃል።